ሃያ ሦስት ካርቶን

ሐሙስ፣ ሰኔ 19 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ዝናቡ ሞተ። ጥሩምባ ግን አልተነፋለትም።

ጥሩምባ ነፊው ማንደፍሮ ጠፍቶ አይደለም። ጥሩምባውን በብብቱ ሸጉጦ በእማማ ደብሬ ግቢ መሀል ቆሟል፤ ወደ ቤት አይገባም፣ ወደ መንገድ አይወጣም። መስታወት በሩን ተደግፋ ታየዋለች። ከኋላዋ፣ በካርቶኖቹ መሀል በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ ባሏ ዝናቡ ነጠላ ተሸፍኖ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል።

«እቴ መስታወት» አለ ማንደፍሮ መሬቱን እያየ፤ «ስሙ ተሰርዟል። ካልታዘዝኩ አልነፋም።»

«ተሰርዟል ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ አከራይዋ እማማ ደብሬ። «ሰውየው እዚህ ተኝቶ የለም እንዴ?»

«ራሱ ነው የለቀቀ፣ እማማ። በግንቦት መጨረሻ ደብዳቤ አመጣ። ማኅተም ካልተመታበት አልሄድም ብሎ ጸሐፊውን ግማሽ ቀን ነው ያቆመው።»

እውነቱን ነው። ዝናቡ ከሰቆጣ ለመውጣት ሲያስብ መጀመሪያ ያደረገው ከሰፈሩ ዕድር መልቀቅ ነበር። ሰው ከሄደ በኋላ ስሙ መዝገብ ላይ መቅረት የለበትም ይል ነበር። መልቀቂያውን በሁለት ቅጂ ጻፈ፤ አንዱን ማኅተም አስመትቶ አመጣና «ሰነድ» ብሎ የጻፈበት ካርቶን ውስጥ ከተተው። ግንቦት 30 ለቀቀ፤ የጭነት መኪናው ለሰኔ 24 ተቀጠረ። በመሀል ሃያ አራት ቀን ነበር። ሁሉን ነገር ያሰበው ሰው በእነዚያ ሃያ አራት ቀናት ውስጥ ሊሞት እንደሚችል አላሰበም።

የሞተውም ዕቃ እያሰረ ነው። ሃያ ሦስተኛውን ካርቶን አሰረ፣ ቋጠሮውን ሳብ አድርጎ ሞከረ፣ «እስቲ ውኃ ስጪኝ» አለ። ውኃውን ይዛ ስትመለስ ካርቶኑን ተደግፎ ተቀምጧል። ያረፈ መሰላት። መስታወት የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የስንቱን ሰው ደም አይታለች። የባሏን የልብ ምት ስትፈልግ ግን ጣቷ የት እንደሚያርፍ ጠፋት።

የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ካሤ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲመጡ ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላ ነበር። ገቡ። ሬሳውን አዩ። ካርቶኖቹን አዩ፤ በእያንዳንዱ ላይ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ቁጥርና ዝርዝር ተጽፏል። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ጠጋ ብለው አነበቡ። «ማክሰኞ፣ ሰኔ 24፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጭነት።» ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ማንደፍሮ ተከተላቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥሩምባው ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተሰማ። መስታወት ያለቀሰችው የዚያን ጊዜ ነው።

አርብ ከቀብር መልስ ቤቱ በሴቶች ሞላ። ወንዶቹ ዕድሩ በተከለው ድንኳን አሉ። ሴቶቹ ግን የት ይቀመጡ? አልጋው ተፈታቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ወንበሮቹ እግራቸው ወደ ላይ ተነባብረው ታስረዋል። እማማ ደብሬ አላመነቱም። ካርቶኖቹን በግድግዳው ዙሪያ አስደረደሩና ከቤታቸው ምንጣፍና ጋቢ አምጥተው አለበሷቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ዝናቡ ባሸገው ድስት፣ መጽሐፍና የክረምት ልብስ ላይ ተቀመጠ።

«ቀስ ብለሽ ተቀመጪ» አለች አንዷ ሌላዋን፤ «ሰባት ቁጥር ሳህን ነው።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሲያሽግ አግዤዋለሁ። ትንሽ ብቆይ እኔም ላይ ቁጥር ይጽፍብኝ ነበር።»

ሳቅ መጣና በነጠላ ታፈነ። መስታወትም ልትስቅ ደርሳ ነበር።

ስኒ አስፈለገ፤ ስድስት ቁጥር ተከፈተ። የሩቅ ሰው ሊያድር ሲሆን ብርድ ልብስ አስፈለገ፤ አሥራ አንድ ቁጥር ተከፈተ። ዝናቡ ካርቶኖቹን የቆጠረው ከመኪና በሚወርዱበት ቅደም ተከተል ነበር፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መጀመሪያ። አሁን በዘፈቀደ ተከፈቱ። አንዱ በተከፈተ ቁጥር መስታወት ባሏ ከኋላዋ ቆሞ «ኧረ በቅደም ተከተል» የሚላት ይመስላት ነበር።

«ጋቢውን ወደ ታች ሳቢው» አሏት እማማ ደብሬ በሹክሹክታ፤ «ጽሑፉ ይታያል።»

«ቢታይ ምን ይሆናል?»

«ካሤ ያለውን አልሰማሽም?»

አልሰማችም። እማማ ደብሬ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «‹ረቡዕ ማታ ዝናቡ እቤቴ መጥቶ ነበር፤ ደብዳቤዬን መልሱልኝ፣ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፣ ከእናንተ አልለይም አለኝ› ብሎ ለዕድሩ ተናገረ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ። ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይከፍታል? ስሙን መለሱት።»

ረቡዕ ማታ ዝናቡ ከቤት አልወጣም። ከመስታወት ጋር አልጋውን ሲፈታ ነው ያመሸው። ብሎኖቹን በጨርቅ ቋጥሮ «የአልጋ፣ አሥራ ስድስት ፍሬ» ብሎ ጻፈበት። ካርቶን ሲያስሩ ደግሞ ቢላ ስታነሳ አያት፤ «ገመዱን እንዳትቆርጪው» አላት፤ «ቢቸና ስንደርስ የልብስ ማስጫ ይሆነናል።»

እማማ ደብሬ ፊቷን ሲያዩት ገባቸው። «አውቃለሁ» አሉ። «እኔም ስታንኳኩ ስሰማ ነው ያመሸሁ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚገባው ለቀስተኛ ሁሉ የሚላት አንድ ዓይነት ሆነባት። «ሳይለየን ሞተ።» «ሹመኛው ሁሉ ዓመት ሳይሞላው ተዛውሮ ሲሄድ እሱ ቀረ።» ከጎኗ ያሉት ሁለት ባልቴቶች በኽምጣንጋ ይንሾካሾካሉ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰምታው የምታውቀው ቋንቋ እንደሆነ ረስተዋል። አንደኛዋ ሚስቱስ ትቀር ይሆን ትላለች። ሁለተኛዋ ባሏን እዚህ ቀብራ የት ትሄዳለች ትላለች። መስታወት ጎንበስ ብላ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች።

ዝናቡ ሁሉን የሚቆጥርና የሚያሽግ ሰው ሆኖ አልተወለደም። ወረኢሉ ተወልዶ በሥራ ሰቆጣ የመጣ፣ የእርዳታ እህል መጋዘን ኃላፊ ነው። ስታገባው ካልሲውን የትም የሚጥል፣ የቤቱን ቁልፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጥል ሰው ነበር። የለወጠው የዛሬ አራት ዓመቱ ክረምት ነው።

ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲቀርብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወጡ። ልጃቸው መክሊት ሁለት ዓመቷ ነበር። መስታወት ልጇን አዘለች፤ እሱ ከበሩ ጀርባ የነበረውን ጆንያ ዱቄትና ብርድ ልብስ ነው ብሎ ተሸከመ። ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ቀኑን ሙሉ በዝናብ ሄዱ። ጀርባው እስኪላጥ ተሸክሞት ዋለ። ማምሻውን ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አርፈው ጆንያውን ሲፈታ ከውስጡ ባዶ ቅጾች ወጡ። የገቢ ቅጽ፣ የወጪ ቅጽ፣ አንድ እሽግ የካርቦን ወረቀት። ከመጋዘን አምጥቶ በሩ ጀርባ ያኖራቸው ናቸው። ክብሪት የላቸውም። ጨው የላቸውም። ልጅቱ ስትንቀጠቀጥ መስታወት የራሷን ነጠላ ጨምቃ ጠቀለለቻት። አንዲት የማያውቋት ሴት ከእሳቷ ዳር አስጠጋቻቸው፤ ንፍሮ ሰጠቻቸው፤ ጨውም በጨርቅ ቁራጭ ቋጥራ ጨመረችላቸው።

መስታወት ሳቀች። ከድካም የተነሳ ካርቦኑን እያየች ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«ከዚያ ቤት ሁለተኛ ጊዜ ስወጣ» አለ፤ «በሥርዓት ነው የምወጣው።»

ተመልሰው ሲገቡ ቤቱ ባዶውን ቆያቸው። ቀስ በቀስ ሞሉት፤ ዝናቡም ከዚያ ወዲያ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ እንዴት እንደሚወጣ ሳያስብ አያስገባም ነበር። ቁም ሣጥን ልትገዛ ስትል መጀመሪያ በሩን ለካ። የሁለቱም ዝውውር ወደ እሷ አገር ወደ ቢቸና ሲፈቀድ ገና ሚያዝያ ነበር፤ እሱ ግን በማግስቱ ካርቶን መሰብሰብ ጀመረ። ወንድሟን ኪዳኑን በስልክ እያስለካ የሚከራዩትን ቤት በወረቀት ሣለው፤ የትኛው ካርቶን የትኛው ክፍል እንደሚገባ ጻፈበት። መክሊትን በሰኔ መጀመሪያ ከአጎቷ ጋር ላካት። «ልጅ ከዕቃ ጋር አይጓዝም» አለ። ከመሄዷ በፊት ካሌንደር ላይ የሚመጡበትን ቀን አከበበላትና በየቀኑ አንድ እንድትሰርዝ ነገራት።

ኪዳኑ እሑድ ደረሰ። ልጅቱን ወስዶ አያቷ ዘንድ ካስቀመጠ ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ መርዶውን ሰምቶ ያንኑ መንገድ ተመለሰ። አልቅሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ቀምሶ እንደጨረሰ ስልኩን አውጥቶ ለመስታወት ቢቸና ደወለላት። እማማ ደብሬ ፊት ለፊቷ ቆመው ከለቀስተኛው ከለሏት።

«እማዬ፣ ሦስት ቀረ» አለች መክሊት። «አባዬስ?»

«ሥራ ላይ ነው።»

«ንገሪው። እኔ አንድም ቀን አልረሳሁም በይው። አያቴ ረስታ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስታወስኳት።»

ስልኩ ተቋረጠ። መስመሩ ነው ወይስ እጇ ነው፣ አላወቀችም።

«አልነገርናትም» አለ ኪዳኑ። «አንቺ ስትመጪ ብለን ነው።» ጎኗ ተቀመጠ፤ የተቀመጠበት ካርቶን ተንኮሻኮሸ። «ከመነሳቴ በፊት ቢቸና ጤና ቢሮ ሄጄ ነበር። ለእሱ የመጋዘን ርክክብ ተብሎ አንድ ጊዜ ተራዝሟል፤ ከእንግዲህ አይራዘምም አሉኝ። እስከ ሐምሌ ሰባት ካልቀረብሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

«አርባው ሐምሌ 28 ነው።»

«እሱን ቆጥሬዋለሁ። እናታችን ዓይኗ ደክሟል፤ ልጅቱን ይዛ እስከ መቼ ነው? አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሽው ዝውውር ነው፣ መስቲ። ይሄ ካለፈ ሌላ አሥር ዓመት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መኪናው ማክሰኞ ይመጣል አይደል? የሰረዘው ሰው አለ?»

«የሾፌሩ ቁጥር እሱ ስልክ ውስጥ ነው። መክፈቻውን አላውቀውም።»

«እንኳን አላወቅሽው። እንጫናለን። አርባውን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ፍታት እናስደርጋለን። እግዜር የሰቆጣና የቢቸና ብሎ አይለይም።»

«እንጫናለን» አለች መስታወት። እንዲህ ስትል ከሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ደረቷ ድረስ ገባ።

አየሩ ውሎ አላደረም። አመሻሹ ላይ እማማ ደብሬ ጎንበስ ብለው፣ «አንድ ነገር ላስደስትሽ» አሉ፤ «ከሐምሌ ጀምሮ ሊገባ የነበረውን ተከራይ መለስኩት። መምህር ነው፤ ገብቶታል። ቤትሽ ቤትሽ ነው።» በማግስቱ ጠዋት የዕድሩ ሴቶች መጡ። ለአርባው ተዝካር እሷ ምንም እንዳታስብ፣ ቤት ለቤት እንደተከፋፈሉት ነገሯት። ማን ሽሮ፣ ማን እንጨት፣ ማን ጌሾ እንደሚያመጣ ተወስኗል። ገብሱ ለብቅል ተዘፍዝፏል። «ባልሽ እኛን አልለየም፤ እኛም አንለየውም» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። መስታወት እጅ ነሳች። ቤቱ ሰፊ አልነበረም፤ በየሰዓቱ ደግሞ የጠበበ መሰላት።

ሰኞ ከቀትር በፊት ከዝቋላ ወረዳ አንዲት ሴት መጣች። ሁለት ቀን በእግሯ ሄዳለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራና ጭቃ ነው። ማንም አያውቃትም። በሩ ላይ ተንበርክካ ካለቀሰች በኋላ ከወገቧ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«እኛ ለእህል እንመጣ ነበር» አለች። «እንመጣለን፣ አልደረሰም ይሉናል፤ ባዶአችንን እንመለሳለን። ልጅ ያዘለች አለች፣ እርጉዝ አለች። እሱ ሲመጣ ግን መኪናው የሚደርስበትን ቀን ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ በወረቀት ጽፎ ለየቀበሌው ይልክልን ነበር። በጻፈው ቀን ስንመጣ እህሉ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት፣ እህሉ እስኪደርስ እሱ ራሱ እንቅልፍ አጥቶ ነው አብሮን የቆየ።» ወረቀቱን ለመስታወት ዘረጋችላት። የዝናቡ ጽሕፈት ነው፤ ቀኑ ታኅሣሥ። «የዚህ ዓመቱ ነው። ማንበብ አልችልም፤ አልጣልኩትም።»

መስታወት ወረቀቱን አየችና መለሰችላት። ሴትዮዋ ወገቧ ላይ መልሳ ሸጉጣው አሥራ ስምንት ቁጥር ላይ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሲሳሳ መስታወት ወጥታ ጋሽ ካሤ አጠገብ ተቀመጠች። ሽማግሌው ለመነሳት ሲሞክሩ ጉልበታቸውን ያዘች።

«ጋሼ፣ ነገ መኪናው ይመጣል።»

«አውቃለሁ። ግድግዳው ላይ አንብቤዋለሁ።»

«ካወቁ ለምን እንዲያ አሉ?»

ጋሽ ካሤ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ሬሳ ያለ ጥሩምባ ከዚህ ሰፈር አይወጣም። ሌላ የምለው አጣሁ። ‹ደንቡ ይለፈው› ብል፣ ነገ ሌላው ለቆ ይመጣል። ‹ተመልሷል› ካልኩ ግን ደንቡም አይነካ፣ ሰውየውም በክብር ይሄዳል። ብልሃት መሰለኝ።» የጫሩትን በእግራቸው አጠፉት። «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።»

«ልጄ እዚያ ናት፣ ጋሼ። እስከ ሐምሌ ሰባት ካልደረስኩ ዝውውሩ ይቀራል።»

«ሂጂ እንግዲህ» አሉ። «አልከለክልሽም። የማንም እስረኛ አይደለሽም። ብቻ መኪናው ሲመጣ ዕቃ ከመነሳቱ በፊት ትንሽ ታገሽኝ። ተነስቼ፣ የተናገርኩት ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የዋሸሁ፣ እሷን እንዳትቀየሟት ልበላቸው። ከዚያ ትጭኛለሽ። ሰብሳቢነቱንም ለሌላ አስረክባለሁ፤ ደክሞኛል።»

ይህን ያሉት እንደ ተራ ነገር ነው፤ የእርሻቸውን አጥር ወሰን እንደሚያሳዩ። አትሂጂ ቢሏት በቀለላት ነበር።

ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ መኪና የለም። አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት። ዝናቡ ቢኖር ሰዓቱን እያየ ደጁን ያመላልሰው ነበር። ኪዳኑ ገመድ በክንዱ ጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፏል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት የዕድሩ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ድንኳኑን ሞሉት። ጋሽ ካሤ ሌላ ቀን የማይለብሱትን ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። መስታወት ለምን እንደለበሱት ገባት። መኪናው ምነው ተበላሽቶ በቀረ ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ መክሊት ካሌንደሩ ፊት ቆማ ታየቻት፤ ምነው በመጣ አለች።

ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ጭቃ የለበሰ አይሱዙ የግቢውን በር ሞልቶ ቆመ፤ ሾፌሩ ክላክስ አደረገና ከነወሬው ወረደ።

«የአቶ ዝናቡ ቤት ይህ ነው? ከአምደወርቅ ወዲህ ወንዙ ሞልቶ አቁሞኝ ነው፤ ሰውየው በሰዓት ቀልድ አያውቅም፣ ዛሬ ይገድለ…»

ድንኳኑን አየ። ኮፍያውን አወለቀ። በሌላው እጁ የያዘው ወረቀት ነፋሱ ያርገበግበዋል።

የዕድሩ ጸሐፊ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ጋሽ ካሤ አዞረ። ሌሎቹም አዞሩ። ማንደፍሮ ጫማውን ያያል። ጋሽ ካሤ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«ወንድሞቼ» አሉ። «አንድ የምነግራችሁ…»

«ቀርቷል» አለች መስታወት።

በሩ ላይ ቆማለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ። ሾፌሩን እያየች ነው የተናገረችው።

«ጉዞው ቀርቷል። ረቡዕ ዕለት ሐሳቡን ቀይሯል። ሊደውልልህ ነበር፤ ሳያደርሰው ሞተ።»

«መስቲ» አለ ኪዳኑ ከግድግዳው ዘንድ፣ በቀስታ። ዞራ አላየችውም።

«ነፍስ ይማር፣ እኅቴ» አለ ሾፌሩ። «እኔ ምኑን ሰማሁ። ይቅር በሉኝ።» ወረቀቱን ምን እንደሚያደርገው ጨነቀውና አምጥቶ ሰጣት። የጭነት ዝርዝሩ ነው፤ ከሃያ ሦስት ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። ግርጌው ላይ፣ «1 ቁጥር በመጨረሻ ይጫን፣ መጀመሪያ ይውረድ። ጋቢና ውስጥ ቢሆን ይመረጣል» ይላል።

ጋሽ ካሤ እንደቆሙ ናቸው። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ፤ ማንደፍሮ አነሳላቸው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ለሾፌሩ ቦታ ለቀቀለት። አብረው ተቀመጡ።

አንድ ካርቶን ብቻ ተጫነ። አሥራ አራት ቁጥር፣ የመክሊት ልብስ። መስታወት ራሷ ተሸክማ አወጣችው። ኪዳኑ ጋቢና ገብቶ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አደረገው። ዓይኑ ቀልቷል። ያኮረፈ አይመስልም፤ ግን ደግሞ ሊገባውም አልቻለም።

«ልጅቱን ምን ልበላት?»

«በስልክ እኔ እነግራታለሁ።»

«የቱን?»

«ሁለቱንም» አለች።

አይሱዙው ለመዞር ቦታ አጥቶ እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ የኋሊት ወረደ። መስታወት ቆማ አልሸኘችውም፤ ወደ ቤት ገባች። ገብታ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። ማንም አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ሴቶቹ ማጀት ድስት ጥደዋል፤ አንዷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች።

«መስታወት፣ ጨው አለቀ። ያንቺ ጨው የት ነው ያለ?»

«አንድ ቁጥር ውስጥ።»

አንድ ቁጥር በሩ አጠገብ ነበር፤ እማማ ደብሬ ተቀምጠውበታል። ተነሡ፤ ጋቢውንም አነሡት። በጥቁር እስክሪብቶ፣ «1። እንደደረስን የሚከፈት። ክብሪት፣ ጨው፣ ሻማ፣ ሳሙና፣ መርፌና ክር» ይላል። መስታወት ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። ገመዱ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሦስት ቦታ ተቋጥሯል።

«ቢላ ልስጥሽ?» አለች ጨው የጠየቀችው።

«አይ፣ ይቆይ።»

የመጀመሪያውን ቋጠሮ በጥፍሯ ያዘችው። አጥብቆ ነው ያሰረው። ትይዘዋለች፣ ያመልጣታል። ማጀት ድስቱ ይፈላል። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው እጇን ያያሉ፤ ማንም አላጣደፋትም። አንድ ጥፍሯ ተሰበረ። የመጀመሪያው ተፈታ። ሁለተኛውን በጥርሷ አላላችው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የገመዱ ጫፍ የእሱ እጅ እንደተወው ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር፤ ትንሽ ቆየችበት። ከዚያ እሱንም ፈታችው።

ጨው ከላይ ነበር፤ በጨርቅ ቁራጭ ተቋጥሮ። ከእነቋጠሮው አንስታ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ራሷ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ገመዱን ከክርኗ እስከ መዳፏ እየጠቀለለች ሰበሰበችው።

ሐምሌ ስምንት ቀን የቢቸናው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ገመዱ በእማማ ደብሬ ግቢ፣ ከበሩ እስከ ወይራው ተወጥሮ፣ ልብስ ይሰጣበታል። መክሊት መስከረም ላይ እዚያው ቢቸና፣ አያቷ ዘንድ ሆና፣ አንደኛ ክፍል ገባች።